ከወተቱ በፊት ያለው ሥራ

ኮሪያውያን በብርዱ ወራት በየካፌው የሚያዝዙት «ጎጉማ ላቴ» ሲያዩት ቀላል ነገር ነው፤ የበሰለ ስኳር ድንች፣ ትኩስ ወተት፣ ምናልባት ትንሽ ማር፣ ከላይ ነስነስ ያለች ቀረፋ። ላቴ ቢባልም ቡና የለበትም። ቤቱ ሊሠራው የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ወተቱና ስለ መፍጫው ነው፤ ምን ያህል ይፈጭ፣ አረፋው እንዴት ይውጣ፣ ማሩ ስንት ማንኪያ ይሁን ይላል። እኔ መጠጡን በሠራሁት ቁጥር እየጠነከረብኝ የመጣው እምነት ሌላ ነው። መጠጡ ጥሩ ይሁን አይሁን የሚወሰነው ወተቱ ከመቀዳቱ በፊት፣ ስኳር ድንቹ እሳት ላይ በሚቆይበት አኳኋን ነው። ቀስ ብሎ የበሰለ ስኳር ድንች ስኳር አይለምንም። በችኮላ የበሰለውን ግን ማር ቢያፈሱበት የማር መጠጥ ይሆናል እንጂ የስኳር ድንች መጠጥ አይሆንም።

ምክንያቱ ጠላ ለሚጠመቅበት ቤት እንግዳ አይደለም። ገብስ በቅሎ ብቅል ሲሆን በውስጡ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች ይበረታሉ፤ አንዱ ቤታ አሚሌስ ይባላል። ስኳር ድንች ይህንኑ ዓይነት ኢንዛይም ማብቀል ሳያስፈልገው፣ ከመሬት ሲወጣ ጀምሮ በብዛት ይዟል። የሚሰጠውም ስኳር ያው የብቅሉ ስኳር፣ ማልቶስ ነው። ሆኖም ኢንዛይሙ ጥሬ ስታርች ላይ እምብዛም አይሠራም። ስታርቹ መጀመሪያ ሙቀት አግኝቶ፣ በሥሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ጠጥቶ፣ ማበጥና መላላት አለበት፤ ይህ የሚጀምረው 65 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ደግሞ ኢንዛይሙ ራሱ ይበላሻል። እንግዲህ ጣፋጩ የሚሠራው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። የስኳር ድንቹ ልብ እዚያ መካከል በቆየ መጠን ጣዕሙ እየበሰለ፣ እየደመቀ ይሄዳል።

ኮሪያውያን በሌላ መጠጣቸውም ይህንኑ ነገር ይሠሩበታል። «ሺክሄ» የሚባለው ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ የሚዘጋጀው የበሰለ ሩዝ በገብስ ብቅል ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ሳይፈላ፣ ለሰዓታት ሙቅ ሆኖ እንዲቆይ በማድረግ ነው። የጥንት እናቶች ቴርሞሜትር አልነበራቸውም፤ ግን የሚፈላ ነገርና የሚሞቅ ነገር አንድ እንዳልሆነ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ለስኳር ድንቹም የሚያስፈልገው ይኸው ዕውቀት ነው።

ይህ ከገባን ማይክሮዌቭ ለምን እንደማይሆን ግልጽ ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከቀዝቃዛ ወደ ፍል ስለሚያደርሰው ኢንዛይሙ ሥራውን በቅጡ ሳይጀምር ይሞታል። ስኳር ድንቹ ይለሰልሳል፣ ይበላልም፤ ጣዕሙ ግን ደብዛዛ ነው። ቆራርጦ የፈላ ውሃ ውስጥ መክተትም ከዚህ አይሻልም። ትንንሽ ቁራጭ ቶሎ ይግላል፤ በዚያ ላይ ያወጣው ጥቂት ስኳርም ወደ ውሃው ይሄዳል። መቀቀል ግድ ከሆነ ሳይላጥና ሳይቆረጥ በቀዝቃዛ ውሃ ተጥዶ በዝግታ ይሙቅ። በእንፋሎት ማብሰል ከዚያ ይሻላል፤ ኮሪያ ውስጥም በየቤቱ የተለመደ ነው። ለመጠጡ ግን የምመርጠው ጥብሱን ነው። ጥብስ ውሃውን ያተናል፤ ጣዕሙን ያጠብቃል፤ ከልጣጩ ሥር ያለው ስኳር ደግሞ ትንሽ ይጠቁርና ወተት ውስጥ እንኳ የማይጠፋ የካራሜል መዓዛ ይሰጣል።

በኮሪያ ከተሞች መንገድ ዳር ስኳር ድንች ጠብሶ መሸጥ የቆየ የብርድ ወራት ሥራ ነው። ምድጃው ከብረት በርሜል ይሠራል። በጎኑ መሳቢያ መሳይ ክብ ቀዳዳዎች አሉት፤ ከሥር እንጨት ይነዳል፤ ስኳር ድንቹ በየመሳቢያው ገብቶ ነበልባሉን ሳይነካ በዙሪያው ሙቀት ብቻ ይበስላል። ሻጩ አይቸኩልም፤ መቸኮልም አይችልም። ዛሬ እነዚህ በርሜሎች እየቀነሱ ሄደው በየሰፈሩ ያሉ ትንንሽ ሱቆች ጥብሱን በኤሌክትሪክ መጥበሻ እያሞቁ ይሸጣሉ፤ የአሠራሩ ልብ ግን ያው ነው፤ ደረቅ ሙቀትና ጊዜ። ቤት ውስጥ የሚጠጣ ነገር ለመሥራት የተነሣ ሰው መጀመሪያ ሊማርበት የሚገባው የካፌውን ማሽን ሳይሆን ይህን በርሜል ነው እላለሁ።

የተጠበሰ ስኳር ድንች ብቻውን ሲበሉት ጉሮሮ ያንቃል። ኮሪያውያን ለዚህ ሁለት መፍትሔ አላቸው። አንዱ ኪምቺ ነው፤ በተለይ ውሃ ያለው የፍጅል ኪምቺ። ሁለተኛው አንድ ብርጭቆ ወተት። ጎጉማ ላቴ የዚህ የሁለተኛው ልማድ ልጅ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የነበሩት ሁለቱ አንድ ኩባያ ውስጥ ገቡ። ብዙ ካፌዎች ዛሬ የሚሠሩት ከተዘጋጀ ዱቄት ወይም ስኳር ከበዛበት ድልህ ነው። ለሰልፈኛ ደንበኛ በፍጥነት ማቅረብ ስላለባቸው አልፈርድባቸውም። ግን ቤት ውስጥ ሰልፍ የለም፤ ስለዚህ ዱቄት ፍለጋ የሚደክም ሰው ሲገጥመኝ በእውነት አዝናለሁ።

አሁን ስለ ሥሩ ራሱ። ኮሪያ ውስጥ በገበያ የሚለዩት በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። «ባም ጎጉማ» የሚባለው ልጣጩ ወይን ጠጅ፣ ሥጋው ነጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ሲበስል ደረቅና ዱቄታማ ነው። «ሆባክ ጎጉማ»፣ ማለትም በዱባ ስም የሚጠራው፣ ሥጋው ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ፣ ሲበስል ርጥብና ልስልስ ነው። በደቡብ ጆላ የሚገኘው ሄናም በስኳር ድንቹ ስሙ የታወቀ አገር ነው፤ ከሴኡል ብዙ የማይርቀው ዮጁም እንዲሁ። ለመጠጥ አብዛኛው ሰው ሆባኩን ይመርጣል፤ በወተት በቀላሉ ይሟሟልና። እኔ ግን ደረቁን አብልጬ እወደዋለሁ። ወተት ውስጥ ሲገባ የሚሰጠው ውፍረት ክብደት አለው፤ ከዋጡት በኋላም አፍ ላይ የሚቆይ የለውዝ ዓይነት ጣዕም ይተዋል። ሁለቱን እኩል መቀላቀልም መልካም ነው፤ አንዱ ክብደቱን፣ ሌላው ልስላሴውን ያዋጣል።

ስኳር ድንች ኮሪያ የገባው ለጣፋጭነቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1763 ወደ ጃፓን የተላከው የጆሶን መንግሥት መልእክተኛ ጆ ኦም በጉዞው ላይ ጹሺማ ደሴት ሲደርስ ተክሉን አየና ዘሩን ወደ ቡሳን ላከ፤ ከዚያ ወደ ጄጁ ደሴትም ተሻገረ። የታሰበው ለክፉ ቀን ነበር፤ እህል ሲከዳ ሕዝብ እንዳይራብ። እኛም አገር፣ በተለይ በወላይታ፣ በሲዳማና በጋሞ፣ ስኳር ድንች በቆሎው ሳይደርስ ጎተራው ባዶ በሚሆንበት ወራት ቤተሰብ የሚያሻግር ምግብ ነው። በብዙ የከተማ ቤት የድሃ ምግብ ተብሎ የሚታለፈውም በዚሁ ታሪኩ ይመስለኛል። ይህ ያሳዝነኛል። በዝግታ ሲበስል የሚሰጠውን ጣዕም ገዝቶ ለማግኘት ስንት ዓይነት ስኳርና ሽሮፕ እንደሚያስፈልግ ያየ ሰው እንዲህ አይንቀውም።

አዲስ አበባ ገበያ የሚገኘው አብዛኛው ስኳር ድንች ሥጋው ነጭ ነው፤ ሲበስልም ደረቅ ስለሆነ ጠባዩ ለባም ጎጉማ ይቀርባል። ብርቱካናማውም አለ። ሀዋሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከሠራባቸው ዝርያዎች አንዱ፣ ኩልፎ የተባለው፣ ከዚህ ወገን ነው። ብርቱካናማ ቀለሙ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማት ማሪያ አንድራዴ፣ ሮበርት ምዋንጋና ጃን ሎው ይህን ስኳር ድንች በአፍሪካ በማስፋፋታቸው፣ በሌሎች ሰብሎች ላይ ከሠራው ከሃዋርዝ ቡይስ ጋር ተሸልመዋል። ቤታ ካሮቲን የሚዋሐደው ከቅባት ጋር ስለሆነ ብርቱካናማውን ቅባቱ ካልወጣ ወተት ጋር መጠጣት ለሰውነት የሚጠቅም ጋብቻ ነው፤ በተለይ ለልጆች። ጣዕሙ ግን ከነጩ ይለያል፤ ቀለል ያለ፣ ውሃ የበዛበት፣ ወደ ካሮት የሚያደላ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን የኮሪያ ወይም የጃፓን ሸቀጥ በሚሸጥበት መደብር ወይን ጠጅ ልጣጭ ያለውን፣ ሥጋው ነጣ ያለውን ቢጠይቁ እውነተኛውን ያገኛሉ።

ስትመርጡ ትልቁን አትፈልጉ፤ ትንሹንም ተዉት። ከ200 እስከ 250 ግራም የሚመዝን፣ መሐሉ ሞላ ብሎ ጫፎቹ የሾጠጡ ይበቃል። ቁስል ካለው ቁስሉ የደረቀ ይሁን። ከመሬት እንደወጣ የተሸጠ ስኳር ድንች ጥቂት ሳምንት ቢቆይ ይጣፍጣል፤ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ከምርት በኋላ 30 ዲግሪ ገደማ በሆነና እርጥበት ባለው ቦታ ለጥቂት ቀናት የሚያቆዩት ቁስሉ ድኖ ሳይበሰብስ እንዲሰነብት ነው። ቤት ውስጥ ያለን ሥራ ቀላል ነው፤ ሳይታጠብ፣ አየር በሚያገኝ ቅርጫት፣ ከፀሐይ ማራቅ። ፍሪጅ ግን ጠላቱ ነው። ከ12 ዲግሪ በታች ሲሰነብት ልቡ ይጎዳል፤ ቢያበስሉትም መሐሉ ጠጥሮ ይቀራል፣ መዓዛውም ይለወጣል። የትም አገር ያለ ስኳር ድንች አብሳይ ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

አጠባበሱ እንዲህ ነው። ስኳር ድንቹን አጥቤ አደርቃለሁ፤ አልላጥም፣ አልቆርጥም፣ በሹካም አልወጋም። ኦቨኑ ሳይሞቅ አስገብቼ 150 ዲግሪ ላይ አደርገውና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እተወዋለሁ። ከቅዝቃዜ መጀመሩ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ልቡ ጣፋጩ በሚሠራበት ሙቀት ውስጥ ረዥም ጊዜ ያልፋል። ከዚያ እሳቱን ወደ 200 ዲግሪ ከፍ አድርጌ ሃያ ደቂቃ እጨምራለሁ። ይህ የመጨረሻው እሳት ለጣፋጩ ሳይሆን ለመዓዛው ነው። መድረሱን የምለየው በሰዓት ብቻ አይደለም። ልጣጩ ከሥጋው ይላቀቅና ይሸበሸባል፤ በጫፎቹ በኩል ወፍራም ፈሳሽ ይወጣና ትሪው ላይ ጠቁሮ ይጣበቃል። ያ ፈሳሽ ስኳሩ ነው። ካልታየ አላወጣውም፤ ከታየ ሥራው ተሠርቷል።

ኦቨን የሌለው ቤት ምንም አልጎደለበትም። ወፍራም የብረት ድስት ውስጥ የደረቀ ንጹሕ ጠጠር አንጥፎ፣ ስኳር ድንቹን በላዩ ደርድሮ፣ በደንብ ከድኖ፣ ኃይሉ ያለፈ ከሰል ላይ ማስቀመጥ ነው፤ በየመካከሉ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ጠጠሩ እርጥብ መሆን የለበትም፤ ውሃ የጠጣ ድንጋይ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ኮሪያውያንም ጋዝ ላይ የሚጣድ ለዚሁ የተሠራ ክዳን ያለው ድስት አላቸው። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ገጠር የምናውቀው ነው፤ ረመጥ። ፍሙ ላይ ከተጣለ ውጭው ከስሎ ውስጡ ጥሬ ይሆናል፤ ትኩስ አመዱ ውስጥ የተቀበረ ግን በዝግታ፣ በሁሉም በኩል እኩል ይበስላል። በዚህ መንገድ የበሰለ ነጭ ስኳር ድንች ለመጠጡ የሚሰጠው የጭስ መዓዛ በኦቨን አይገኝም።

ጥብሱ ገና ትኩስ ሳለ ልጣጩን አነሣለሁ፤ ሲቀዘቅዝ ሥጋውን ይዞ ይላጣልና። የጠቆረውን የውጭ ቅርፊት እጥላለሁ፤ ቡናማ የሆነውን የሥጋ ሽፋን ግን አልጥልም፣ መዓዛው እዚያ ነው። ከዚያ በሹካ አድቅቄ፣ በጣም ጥቂት ትኩስ ወተት ጠብ እያደረግሁ ወፍራም ድልህ እስኪሆን እለውሳለሁ። ወተቱን በአንድ ጊዜ መገልበጥ ያጓጉለዋል፤ አንዴ ከጓጎለ በኋላ ብዙ መፍጨት ይጠይቃል። ድልህ ከሆነ በኋላ በወንፊት አሳልፈዋለሁ። ይህን ሥራ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ አልዘለውም። ስኳር ድንች ክር አለው፣ በተለይ ጫፎቹ ላይ፤ መፍጫው ያሳጥረዋል እንጂ አያጠፋውም። በኩባያው መጨረሻ ጥርስ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። በወንፊት የወጣ ድልህ ግን ሐር ይሆናል።

ለአንድ ኩባያ 120 ግራም ድልህና 250 ሚሊ ሊትር ወተት እወስዳለሁ፤ ሥሩ ደረቁ ዓይነት ከሆነ 100 ግራም ይበቃል። የሚጠጣ እንጂ የሚበላ እንዳይሆን ነው። በማንኪያ ካልሆነ የማይወጣ መጠጥ ለኔ አልፎበታል፤ ኩባያው ሲጋደል ያለ ችግር መውረድ አለበት። ወተቱ ከላም ባለቤት የተገዛ ጥሬ ከሆነ አስቀድሞ በደንብ ይፍላ። ከላዩ የሚጋግረውን ስልባቦት አልጥለውም፤ ከድልሁ ጋር አብሮ ይለወሳል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በኋላ ግን ፍላት አያስፈልግም። ዝቅ ባለ እሳት፣ ታቹን እያማሰሉ፣ ድስቱ ዳር ትንንሽ አረፋ እስኪታይ ብቻ። ስኳርና ስታርች ያለበት ወተት ከታች ቶሎ ያራል፤ ያረረ ጣዕም ደግሞ ኩባያውን ሙሉ ይወርሰዋል።

መፍጫ መጠቀም የሚፈልግ በዚህ ጊዜ ይጠቀምበት፤ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል፣ አረፋም ይሰጣል። ትኩስ ነገር ግን ዝግ መፍጫ ውስጥ እንፋሎቱ ክዳኑን ይገፋል፤ እስከ ግማሽ ብቻ ሞልቶ፣ የክዳኑን መሐል ከፍቶ፣ በጨርቅ ሸፍኖ መያዝ ነው።

ጨው የግድ ነው። በሁለት ጣት ጫፍ የተያዘች ትንሽ ቁንጣሪ የስኳር ድንቹን ጣፋጭነት ከወተቱ ነጥላ ታወጣዋለች። ማር የምጨምረው ቀምሼ ነው፤ በደንብ በተጠበሰ ሥር ብዙ ጊዜ አልጨምርም። ሲያስፈልግም ጠረኑ የማይበረታ ማር፣ ከእሳት ከወረደ በኋላ። ቀረፋ በጣም ትንሽ፣ ከላይ። ቫኒላ፣ ሽሮፕ፣ የተመታ ክሬም የሚጨምሩ አሉ፤ በግልጽ ለመናገር አልደግፈውም። ሁለት ሰዓት እሳት ላይ የተደከመበትን ጣዕም ለመሸፈን የሚደረግ ሌላ ድካም ነው።

ኢትዮጵያውያን ስንባል የሚመጣብን ጥያቄ አንድ ነው፤ ቡና ቢገባበትስ? ኮሪያ ውስጥም የሚያስገቡ አሉ። የኛና የኮሪያ የቡና ዝምድና ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ቹንቾን ከተማ ለቃኘው ሻለቃ ዘማቾች የመታሰቢያ ሐውልት በቆመበት በ1968 እ.ኤ.አ. እዚያው አጠገብ በኢትዮጵያ ስም የተከፈተ ቡና ቤት ዛሬም አለ። ቢሆንም እኔ ሁለቱን አልቀላቅልም። የኛ ቡና፣ በተለይ የይርጋ ጨፌው ዓይነት፣ ውበቱ አሲዳማነቱ ላይ ነው፤ ስኳር ድንች ደግሞ ምንም አሲዳማነት የሌለው ክብ ጣዕም ነው፤ ሲገናኙ ሁለቱም ይጎዳሉ። በዚያ ላይ የዚህ መጠጥ አንዱ ጥቅም ማታም መጠጣቱ፣ ለልጅም ለነፍሰ ጡርም መሆኑ ነው። ቡናው ጠዋት ይፈላ።

ጾም ሲሆን ምን ይደረጋል? ረቡዕና ዓርብ ሳይጨመር እንኳ በዓመቱ ብዙ ቀን ወተት የማይጠጣበት ቤት ስላለ ይህን ብዙ ሞክሬበታለሁ። የአኩሪ አተር ወተት፣ ስኳር ያልተጨመረበት ከሆነ፣ ከደረቁ ስኳር ድንች ጋር በጣም ይስማማል፤ የባቄላነት ጠረኑን የጥብሱ መዓዛ ይሸፍነዋል። የአጃ ወተት ፋብሪካው ሲሠራው ስታርቹን በኢንዛይም ወደ ስኳር ስለሚለውጠው ራሱ ጣፋጭ ነው፤ ማር ጨርሶ አያስፈልግም። ቤት የተጨመቀ የአጃ ውሃ ግን ሲሞቅ ይረጋል፤ ድልሁን መቀነስ ያሻል። ከሁሉ የወደድኩት የሱፍ ውሃ ነው። ሱፉ ለስላሳ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተዘፍዝፎ በጥሩ ጨርቅ ሲጠለል ወተት የመሰለ ቅባታም ፈሳሽ ይወጣል። ይህን ለብ ብቻ አድርጎ ድልሁ ላይ ማፍሰስ ነው። ኮሪያዊ ጓደኛ ቢቀምሰው የሚያውቀው መጠጥ መሆኑን ወዲያው ይለያል ብዬ አምናለሁ፤ ስኳር ድንቹ ቀድሞ ራሱን ያስተዋውቃልና።

ኦቨኑ አንዴ ከተለኮሰ ለአንድ ኩባያ ብቻ ማንደድ ብክነት ስለሆነ ሁልጊዜ ትሪውን ሙሉ እጠብሳለሁ። ከመጠጡ የተረፈውን ድልህ፣ ወተት ሳይነካው፣ በክዳን ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ለሦስት ቀን አቆየዋለሁ፤ ጥሬውን የሚጎዳው ቅዝቃዜ የበሰለውን አይጎዳውም። ከዚያ በላይ የሚቆየውን በኩባያ ልክ ከፋፍዬ በረዶ ቤት አስገባለሁ። ሲፈለግ ማታ ወደ ፍሪጅ ይወርዳል፤ ጠዋት በጥቂት ትኩስ ወተት ይለወስና ቀሪው ወተት ይጨመርበታል። ሲቀዘቅዝ ስለሚጠነክር ከመጀመሪያው ቀን ትንሽ ተጨማሪ ወተት ይወስዳል፤ ጨውም እንደገና መቀመስ አለበት።